ስኳሩ የወረደ ዕለት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ወንበር ያጣ ከእኔ ጎን ይቀመጥ። የአቶ ቦልቴን ነገር ልንገራችሁ። ሞባይል ገና ወደ ሶዶ በገባ ሰሞን ነው።

አቶ ቦልቴ የጠዋት የስኳር መርፌያቸውን ጭናቸው ላይ ከወጉ ቆይተዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ሸሚዛቸውን አርሶታል። እሳቸው ግን አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ፈገግ ይላሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ላብ ላብ ካላቸውና እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ስኳራቸው ወርዷል ማለት እንደሆነ ነግራቸው የለ? ወረደ ማለት ቀነሰ ነው፤ ቀነሰ ማለት ደግሞ በሽታው ሊለቃቸው ነው። አማርኛ የለመዱት ጎልምሰው፣ መንገድ ሥራ ላይ ሳሉ ነው። ነርሷ ቀጥላ ያለችው አመለጣቸው፤ «ድገሚልኝ» ማለት አፈሩ።

ቁርስ አልቀመሱም። ባለቤታቸው የትምወርቅ ካረፈች ወዲህ ለአንድ አፍ እሳት አንድዶ የቦዬ ሥር መቀቀል ሞኝነት ሆኖባቸዋል። ልጆቻቸው አዋሳ ናቸው፤ ለበዓል ይደውላሉ።

እንዲህ ያለ የምሥራች ግን ለግድግዳ አይነገርም። ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡና በአጥሩ በኩል ጎረቤታቸውን አስናቀችን ተጣሩ።

«ስኳሬ ወረደልኝ» አሏት። ምላሳቸው ይተሳሰራል።

«ጋሼ፣ ጴንጤ ሆነው በጠዋቱ ጠጡ እንዴ?» አለች እየሳቀች። ቀና ብላ ላባቸውን ስታይ ሳቋ ደረቀ። የእናቷ በሽታም ይኸው ነበርና ታውቀዋለች። ሮጣ ገብታ ስኳር በውኃ በጥብጣ መጣች። አቶ ቦልቴ ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«መርዜን ነው የምታጠጪኝ?»

«ወረደ ማለት እኮ ዳነ አይደለም። ገደል ወረደ እንደሚባለው ነው፤ ሰውየውንም ይዞ ነው የሚወርደው። ይጠጡ።»

ከዚያ በወላይትኛ ደገመችላቸው። ያኔ ገባቸው፤ ጠጡ። አጥሩ ሥር አስቀምጣ ዳቦ ቆርሳ አጎረሰቻቸው። ቆየት ብሎ ዓይናቸው ጠራ፣ እጃቸው አደብ ገዛ።

«መርፌውን ከወጉ በኋላ ቁርስ አልበሉም?» አለቻቸው።

«በልቻለሁ» አሉ፤ ሁልጊዜ የሚሉት ነው።

አስናቀች የተረፈውን ዳቦ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። ቤት ውስጥ እንደተቀመጡ ቢቀሩ ኖሮ በማግስቱም የሚያንኳኳ እንደማይኖር ሁለቱም ያውቃሉ።

«ዋሸሁሽ» አሉ አቶ ቦልቴ። «የሚበላ አጥቼ አይደለም። አብሮኝ የሚበላ አጥቼ ነው። ነገ ቁርስ ስትቀርቡ ጥሪኝ፤ መርፌዬን ይዤ እመጣለሁ።»

እናንተም አደራ፣ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ «በልቻለሁ» ሲላችሁ ቦልቴን አስቡልኝ።