ለዳኛው የተጠረገ ሰፈር

ጉዲቱ የዚያን ቀን እንደነቃች መጥረጊያዋን አነሳች። ከአዳማ ዳር፣ ከብረት ማቅለጫው አጥር ሥር የሚኖር ሁሉ እንደዚያው አደረገ። እንግዳ ይመጣላ።

እንግዳው ዳኛ ናቸው። ሰፈሩ ፋብሪካውን ከከሰሰ ሁለት ክረምት አልፏል። ጭሱ ልጆቹን ሳል አስይዟቸዋል፤ ጥቀርሻው ጣራውንም ልብሱንም አጥቁሮታል። ፍርድ ቤቱም ከስንት ቀጠሮ በኋላ ቦታውን በዓይኔ ልይ አለ። ጉዲቱ በማታ ትምህርት በለየችው ፊደል ክሱ ላይ ስሟን ራሷ ጽፋለች። የጻፈችው ለልጇ ለሊዲ ብላ ነው። የሊዲ ደረት ስትተነፍስ ሲር ሲር ይላል። ሐኪሙ "ከጭስና ከአቧራ አርቂያት" አላት፤ ወዴት እንደምታርቃት ግን አልነገራትም።

ስለዚህ ጠረገች፤ ውሃ ረጨች። የፓፓያውን ቅጠል ሳይቀር አንድ በአንድ ወለወለች። ጎረቤቷ እትዬ ሸዋወርቅ በዚያ ዕድሜያቸው መሰላል ላይ ወጥተው ቆርቆሯቸውን ያጥባሉ።

"እትዬ፣ ይወድቃሉ። ጣራ ማን ያያል?"

"ዳኛ እኮ ነው የሚመጣው፣ አንቺ። ቆሻሾች ናቸው እንባል?"

ጠበቃቸው አቶ ማናሴ ቀድመው በባጃጅ ደረሱ። እርጥቡን መሬትና የሚያብረቀርቀውን ጣራ አዩና ቦርሳቸውን እንዳቀፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

"ማን ነው ጥረጉ ያላችሁ?"

"ማን ይለናል?" አለች ጉዲቱ። "እንግዳ ሲመጣ ይጠረጋል።"

"ሊያዩ የሚመጡት እኮ ጥቀርሻውን ነው።"

ጉዲቱ እጇ ላይ ያለውን ጨርቅ አየች። ከሰል መስሏል። በኋላ ዳኛው መጥተው ጨርቁን ስታሳያቸው የፋብሪካው ጠበቃ "ምድጃ ጠርገውበት ይሆናል" አለ። ፋብሪካውም ያን ቀን ጭሱን አጥፍቶ ነበር፤ እሱ ግን አውቆ ነው።

"ሰፈራችሁ ንጹህ ነው" አሉ ዳኛው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉ እትዬ ሸዋወርቅ፣ ከልማዳቸው። አቶ ማናሴ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ብዙ ከተለመኑ በኋላ ዳኛው ቀኑን ሳይናገሩ አንድ ጊዜ ተመልሰው ለማየት ተስማሙ። መኪናቸው እንደሄደ አቶ ማናሴ ሰዉን ሰበሰቡ።

"እሳቸው እስኪመጡ መጥረጊያ የሚባል ነገር እንዳትነኩ።"

"ሰው ቢሞትብንስ? ጥቀርሻ ላይ ድንኳን ልንጥል ነው?" አሉ እትዬ ሸዋወርቅ።

"ጣሉ።"

ጭሱ በማግስቱ ተመለሰ። ሳምንት ሳይሞላ መስኮቱ ጠቆረ፤ የፓፓያው ቅጠልም አመድ ለበሰ። ሊዲ ተጋድማ መተኛት ስላቃታት ግድግዳ ተደግፋ ታሸልባለች። ጉዲቱ መጥረጊያውን ታነሳና መልሳ ታስቀምጣለች። ብትጠርግ ክሱ ገደል ሊገባ ነው፤ ብትተወው ልጅቷ አየር ታጣለች።

በመጨረሻ የልጅቷን ልብስ በፌስታል ቋጥራ ወደ መናኸሪያ ወሰደቻት። አቦምሳ የጉዲቱ እህት ሻሼ አለች።

"አንቺስ?" አለች ሊዲ ከመኪናው መስኮት።

"እኔ ቤት እጠብቃለሁ።"

"መቼ ትወስጂኛለሽ?"

"ዳኛው ሲመጡ።"

"መቼ ነው የሚመጡት?"

ጉዲቱ የልጅቷን አንገት በነጠላዋ ሸፈነችላት። መኪናው ሲርቅ በእግሯ ተመለሰች። መጥረጊያውን ለእትዬ ሸዋወርቅ ሰጠቻቸው።

"እዚያው እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ" አለች። "እጄ አያርፍም።"