የሰናድሩ ጠፍር

ጠፍሩን የቆረጠችው ወለተሩፋኤል ራሷ ናት። ማንም እጇን ይዞ አላስቆረጣትም፤ አክስቷ እንኳየሁ አፏን ብቻ ነው የከፈተች።

ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። ቦታው ወገራ ነው። አባቷ ባላምባራስ ሐብተ ማርያም ከተቀበሩ ሠልስታቸው ነበርና፣ አገሩ ከደጋም ከቆላም ተጠራርቶ ወደ ለቅሶው ሜዳ ሲጎርፍ፣ ቤት የቀሩት ሴቶች የሟቹን ዕቃ ያሰናዱ ነበር። ወጉ እንዲያ ነው። የጀግና በቅሎ ከነኮርቻዋ፣ ካባው፣ ጠብመንጃው በለቀስተኛው መሃል ይዞራል፤ ሰው ዕቃውን እያየ ባለቤቱን ያለቅሳል። ዕቃው ካላማረ ለቅሶውም አያምርም። ወለተሩፋኤል የአባቷን ሰናድር ጠብመንጃ ጭኗ ላይ አጋድማ ናሱን በአመድና በሎሚ ስታሽ፣ እንኳየሁ መጥታ ከበላይዋ ቆመች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች፣ በጠብመንጃው ወገብ ላይ የተጠለቀውን ጥቁር ቀለበት በጣቷ እየጎነተለች።

«ጠፍር ነው እትዬ።»

«ጠፍርነቱን መች አጣሁት! የወንድሜ ጠብመንጃ የተሰነጠቀ ሞፈር ነው በጠፍር የሚታሰር? ‹ያ ሁሉ ፉከራ ለካ በቁራጭ ቆዳ የተያዘ ነው› ብለው ሲሥቁብን ልስማ? ቁረጪና ጣይልኝ!»

ወለተሩፋኤል ለሰው አፍ የምትበረግግ ልጅ አልነበረችም። ምላሷ ሳማ ነው እየተባለ ስንት አማላጅ ከደጃፍ የተመለሰባት ናት። ዛሬ ግን ከአክስቷ ይልቅ የገዛ ኩራቷ ረታት። ጠፍሩ በላብና በቅቤ ጠቁሮ፣ ጠርዙ ተበልቶ፣ እውነትም ያሳፍር ነበር። ደግሞስ ሰናድሩ ይዞራል እንጂ መች ይተኮሳል? አባቷ ጥይት ከጨረሱ ቆይተዋል። እንዲህ ብላ ራሷን አሳምና ቢላዋዋን ከጠፍሩ ሥር አስገባች። ደረቅ ነበር፤ ታገላት። ኋላ ጧ ብሎ ተበጠሰ። እንኳየሁ ተቀብላ በበሩ ወረወረችው፤ ውሻው ዘሎ ቀለበው።

የጠፍሩን ነገር ከሟቹ ሌላ የምታውቅ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ሰናድር ሲፈጠር ባሩዱንም እርሳሱንም በአፈሙዙ የሚጠቀጥቁበት ጠብመንጃ ነበር። ፈረንጅ በኋላ በኩል የሚጎርስ ጠብመንጃ ሲያምረው አዲስ መሥራቱን ሰሰተና የአሮጌውን ቂጥ ቆርጦ የብረት ክዳን ገጠመለት። ክዳኑ እንደ ሣጥን ክዳን በቀኝ በኩል በማጠፊያ ይከፈታል። ጥይቱን ያጎርሱታል፤ ክዳኑን ይመልሱታል። በክዳኑ ሆድ ውስጥ በሰያፍ የተሰካ መርፌ አለ፤ ምላጩ ሲሳብ መዶሻው መርፌውን ይመታል፣ መርፌው የጥይቱን ቂጥ ይወጋል። ይኸው ነው ብልሃቱ። የሚያስፈራው፣ ክዳኑን ዘግቶ የሚይዝ ይህ ነው የሚባል መቀርቀሪያ የለውም። ከኋላው በስፕሪንግ የምትገፋ አንዲት ትንሽ ጉጥ ናት የያዘችው። የባላምባራስ ጉጥ ደግሞ ከማለቋ የተነሣ ጥፍር ታህል ነበር።

«ጥይቱ ሸጋ ከሆነ» ይሏት ነበር አባቷ፣ «ኃይሉ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ነው የሚገፋ፤ ክዳኑ ይችለዋል። የጥይቱ ቀለህ የተቀደደ እንደሆነ ግን እሳቱ መውጫ ይፈልጋል። ወደ ላይ ያገኘዋል።»

ይህን የነገሯት በጣሊያን ጊዜ ነው፣ ከሊማሊሞ በታች ባለ ዋሻ ውስጥ። እናቷ ሞታ፣ ታላቅ ወንድሟ ሐዲስ ጎንደር አጎቱ ዘንድ ተልኮ፣ እሷ ከአባቷ ጋር ዱር ለዱር የምትንከራተት ሕፃን ነበረች። በቀሚሷ ጥይት ታቀብላቸው ነበር። ጥይቱ ሲያልቅ የተተኮሰውን ቀለህ ከመሬት ለቅመው ባሩድና እርሳስ እየሞሉ መልሰው ያጎርሱታል። አንድ ቀን ከዚህ ከተሞላው አንዱን ሊሞክሩ ወደ ገደሉ ተኮሱ። ድምፁ ፉጨት ነበረበት። ክዳኑ ተነሥቶ ጉንጫቸውን ከዓይን እስከ ጆሮ ቀደደው። ወለተሩፋኤል ደሙን በነጠላዋ ስትይዝ፣ ሥጋው ከአጥንቱ ተላቆ በመዳፏ ላይ ሲሞቃት፣ ያን ሙቀት እስከ ዛሬ እጇ አልረሳውም። በማግሥቱ ባላምባራስ ጠፍር አርጥበው በክዳኑና በእንጨቱ ላይ እንደ ቀለበት ሰፉት። ሲያጎርሱ ወደ ፊት ይገፉታል፣ ሲተኩሱ መልሰው በክዳኑ ላይ ያጠልቁታል።

ጠባሳውን ያየ አርበኛ ሁሉ «ሳንጃ ነው?» ሲላቸው በመጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥሎ ራሳቸውን ነቀነቁ። አገር ነፃ ከወጣ በኋላማ በየሠርጉ ራሳቸው ያወሩት ጀመር፤ ሳንጃውም ዓመት በዓመት እየረዘመ ሄደ። ለልጃቸው ግን አንድ ቀን ብቻቸውን ሳሉ፣ «እኔና አንቺ ነን የምናውቅ» አሏት። እሷም አላወጣችውም።

ሜዳው ላይ ለቅሶው ሞቋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አገልድመው ደረታቸውን ይደቃሉ፤ ወንዶቹ ከፊት ለፊት ተሰልፈዋል። አልቃሿ ድምፅዋን አንሥታ፣

ጉንጩ የተጻፈ በጣሊያን ሳንጃ፣
ለማን ትቶት ሄደ ይኸን ጠብመንጃ

ስትል ሜዳው በዋይታ ተናወጠ። በቅሎዋ ዞረች፣ ካባው ዞረ። ከካባው ኋላ ሐዲስ ሰናድሩን ይዞ ወጣ። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ የሚነግድ፣ እጁ የለሰለሰ፣ ሸጋ መልክ ያለው ልጅ ነው። ወለተሩፋኤል መልኩን ስታይ ኩራት ቢጤ ተሰማት። ወዲያው ዓይኗ ወገቡ ላይ ዐረፈ።

ዝናር ታጥቋል። ዝናሩ ባዶ አይደለም።

«እትዬ» አለች፣ የእንኳየሁን ክንድ ጨምድዳ። «ያ ጥይት ከየት መጣ?»

«ከአዘዞ ገዝቶ ነዋ! አንጥረኛ የሞላው ነው አሉ፣ ሸጋ ጥይት። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ‹ክንድ ለኪ፣ ያባቱን ጠብመንጃ ተሸክሞ ሊመለስ ነው› ብለው ሲያሙት ሰምቶ በንዴት ነው የገዛው። ይተኩሳል ዛሬ ልጄ!»

አንጥረኛ የሞላው። የአልቃሿ ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆነባት። መዳፏ ላይ ያ የድሮ ሙቀት ተመለሰ።

«እትዬ፣ ጠፍሩ ለጌጥ አልነበረም። ያስተኩሱት እንደሆነ ክዳኑ…»

«ዝም በይ! በአባትሽ ለቅሶ መሃል ስለ ጠፍር ታወሪያለሽ?»

ሐዲስ ሜዳው መሃል ቆመ። ክዳኑን ወደ ቀኝ ከፈተ። ከዝናሩ አንድ ጥይት አወጣ፤ ጣቱ ስላልለመደ ሊጥላት ደረሰ። አጎረሰ። ክዳኑን መለሰው። ጠቅ የሚለው የክዳኑ ድምፅ ከወለተሩፋኤል ጆሮ አልደረሰም፤ ጉጧ እንደማትነክስ ግን አየች፤ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ተነቃነቀ።

ወደ ወንዶቹ መስመር ሴት አይገባም። ልግባ አልግባ ብላ አላሰበችም፤ እግሯ ቀድሟት ሜዳውን አጋምሷል። ሰው ሁሉ ኀዘን ያሳበዳት መሰለው፣ መንገድ ለቀቀላት።

«ሐዲስ፣ አትተኩሰው» አለች ቀርባ፣ በሹክሹክታ።

«ምነው? ተመለሽ ወደ ሴቶቹ!»

«ክዳኑ አይዝም። ጠፍር ነበረበት፣ እኔ ቆረጥሁት። ከተኮስህ ዓይንህን ይዞት ይሄዳል።»

«አንቺ ጠብመንጃ ማወቅ የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«አንተ ጨርቅ መለካት ስትማር እኔ ዋሻ ውስጥ ጥይት አቀብል ነበር!»

አፏን ሳትዘጋ ተጸጸተች። ፊቱ ሲጠቁር፣ መንጋጋው ሲገጥም አየች። ሰዎቹ ከበስተጀርባ የሚያሙትን ስድብ ራሷ በፊት ለፊቱ ሰጠችው፤ አሁን ገደል ግባ ቢሉት የሚገባ ሆኗል። ምላሷን በሆዷ ረገመች።

«አያ» አለችው። ከተወለደች እንደ ታላቅ ወንድም አክብራ እንዲህ ጠርታው አታውቅም። «አያዬ፣ እባክህ። የአባባን ጉንጭ የቀደደው ሳንጃ አይደለም። ይኸው ክዳን ነው።»

«ውሸታም!»

ጮክ ብሎ ነበር የተናገረ። አልቃሿ አቋረጠች። ከፈረሰኞቹ መሃል አንዱ፣ «ምነው፣ ነጋዴው ምላጩ ከበደው እንዴ?» አለ፤ ጥቂቶች ሣቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። ሐዲስ ሰደፉን ትከሻው ላይ ደገነ፤ መዶሻውን ወደ ኋላ ሳበ። ጉንጩ ልክ የአባታቸው ጉንጭ የነበረበት ቦታ ላይ ተኛ።

ወለተሩፋኤል በርሜሉን ያዘች። ቀዝቃዛ ነበር።

«ልቀቂ።»

«አለቅም። ልሰርልህና ተኩስ። አልከለክልህም፤ ልሰርልህ ብቻ።»

«በምን ልታስሪው?»

መልሱ ወገቧ ላይ ነበር። በአንድ እጇ በርሜሉን ሳትለቅ፣ በሌላው መቀነቷን ከወገቧ ፈታች። ሐዲስ የሰውን ዓይን በጀርባው ተሸክሞ፣ ላብ በግንባሩ እየወረደ፣ «እሰሪና ጥፊልኝ» አለ በጥርሱ መሃል።

መቀነቱን በክዳኑ ላይ አሳልፋ በእንጨቱ ሥር አዞረችው፣ ደግማ አዞረችው። መዶሻው የሚያርፍበትን የመርፌውን ራስ እንዳትሸፍን ጣቷን ከልላ፣ ክዳኑን ብቻ። ጫፉን በጥርሷ ነክሳ እንደ ነዶ ጠፍራ ቋጠረችው። ጨርቅ ነው፤ እንደ ጠፍር አይሆንም፤ ይህንን ከማንም በላይ ታውቃለች። አባቷ ጠፍሩን ሲያጠብቁ ጉልበታቸውን ይጭኑበት ነበር። እሷ ግን ቆማ በጥርሷ ነው የምትስበው።

ከሴቶቹ በኩል የእንኳየሁ ጩኸት ተሰማ። «ወይኔ ልጄን! ለአባቷ መቀነቷን ፈታች! የአባቷን ጠብመንጃ አስታጠቀች!» ይህን ጊዜ ሜዳው በአንድ አፍ አለቀሰ። ሣቃቸውን ሲያፍኑ የነበሩት ፈረሰኞች እንኳ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ወለተሩፋኤል ወደ ኋላ አፈገፈገች። ዓይኗን ጨፈነች። ጸለየች፣ ተሳለች፣ ለየትኛው ታቦት እንደተሳለች አታውቀውም።

ተኩሱ ሲፈነዳ ፉጨቱን ሰማችው። ያንኑ ፉጨት።

ዓይኗን ለመግለጥ አልደፈረችም። ጩኸቱን ጠበቀች። የባሩዱ ጭስ ጉሮሮዋን ሲከረክራት፣ በቅሎዋ ስትበረግግ፣ ሴቶቹ ዋይ ሲሉ ሰማች፤ የወንድሟን ድምፅ ግን የለም። ሞተ አለች በልቧ። ገደልኩት፣ በቢላዋ ገደልኩት።

«ወለቴ» አለ አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ።

ገለጠች። ሐዲስ ቆሟል። ፊቱ ከባሩድ ጥቀርሻ በቀር ምንም አልነካውም። ሰናድሩን ዝቅ አድርጎ እያየ ነው። ክዳኑ ተነሥቶ መቀነቱን ገፍቶታል፤ መቀነቱ ተወጥሮ፣ ከመሃሉ ተቃጥሎ፣ አንዱ ዙር ተበጥሶ፣ በአንዱ ዙር ብቻ ይዞታል። በአንድ ዙር። ጭሱ ገና ከጨርቁ እየወጣ ነበር።

ሐዲስ ቋጠሮውን ፈትቶ ክዳኑን ከፈተ፤ ወደ ኋላ ስቦ ጠብመንጃውን ገለበጠ፤ ቀለሁ ሣሩ ላይ ወደቀ። አነሣው። ከቂጡ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ሳያውቀው እጁ ወደ ጉንጩ ሄደ፤ ከዓይኑ ጀምሮ እስከ ጆሮው በጣቱ አሰመረበት።

«አባባ…» አለ።

«አዎ» አለች እሷ።

«አንድም ሰው አያውቅም?»

«ዝም ብዬ የኖርሁት ለማን መሰለህ? አሁንም ሳንጃ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። የቀሩትን ጥይቶች ከዝናሩ አውጥቶ ኪሱ ከተታቸው፤ ለሰዉ «አንድ ይበቃዋል፣ አባቴ አንድ ተኩሶ የሚስት ሰው አልነበረም» ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡም ወደደለት። ከሴቶቹ መሃል እንኳየሁ ለአንዲት የደምቢያ እንግዳ፣ ሴት ልጅ የአባቷን ጠብመንጃ በመቀነቷ ማስታጠቅ የቤታቸው የጥንት ወግ መሆኑን እያስረዳች ነበር።

ለቅሶው ተበትኖ ወደ ቤት ሲመለሱ ውሻው ከጎተራው ሥር ተጋድሞ ከጠፍሩ የተረፈችውን ጫፍ ያኝካል። ሐዲስ ቆሞ አየውና ወደ አጥሩ ሄደ። ለለቅሶው የታረደው በሬ ቆዳ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፤ ገና እርጥብ ነው። በቢላዋ ከዳሩ ረጅም ጠፍር ቆረጠና ሰናድሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

«ነይ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው» አለ። «ምን ያህል ይጥበቅ?»

ወለተሩፋኤል ከጎኑ ተንበረከከች። ጠፍሩን በክዳኑ ላይ አዞረችው፤ ሲደርቅ ይበልጥ እንደሚጨብጥ ነገረችው።

«ጉልበትህን ጫንበት» አለች። «እኔ ዛሬ ጉልበት የለኝም።»