አንደኛ ሱቅ

ድሮ ሰኞ ጠዋት የሪፖርት ሠራተኛዋ ክፍል በር ተዘግቶ አያውቅም ነበር። የጫማ ፋብሪካው ኃላፊዎች «የትኛው ሱቅ ሸጠ? የትኛው ተኛ?» እያሉ ይሰለፋሉ፤ እሷም ሻይዋን ፉት እያለች ትመልሳለች። ክፍሏን «አዋቂ ቤት» ያሉትም እነሱው ናቸው። ያ ግርግር እንዲህ ይናፍቀኛል ብላ መቼ አስባ!

አሁን ኤአይ የሚሉት የኮምፒውተር ረዳት ከሽያጭ መተንተኛው ሲስተም ጋር ተገናኝቷል። ሁሉም በስልኩ ይጠይቃል፣ ረዳቱ አንብቦ ይመልሳል፣ በቃ። ያገናኘችውም ራሷ ናት፤ ማንን ትውቀስ?

በሙከራው ዕለት ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ በስብሰባ ላይ ጠየቀው፦ «ብዙ ጫማ የሚያወጣው የትኛው ሱቅ ነው?»

«አንደኛ ሱቅ» አለ ረዳቱ። «ቢስፋፋ ጥሩ ነው።»

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። አንደኛ ሱቅ እኮ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! የፋብሪካው መሥራች፣ የሥራ አስኪያጁ እናት፣ ይሸጡበት የነበረ ጠባብ ቤት ነው። ትምህርት ለሚጀምር የድሃ ልጅ ጫማ በነፃ ይሰጡ ነበር። ሲሞቱ ሱቁ ተዘጋ፣ ስጦታው ግን አልቀረም፤ ሠራተኞቹ ከየቅርንጫፉ በነፃ የሚወጣውን ጫማ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በአንደኛ ሱቅ ስም ይመዘግቡታል። እሷ ደግሞ ሪፖርት ስታወጣ ያንን መስመር በእጇ ትቀንሰዋለች። ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም ጽፎ አላስቀመጠውም። ረዳቱ ከየት ይወቀው?

ሥራ አስኪያጁም አያውቅም። እናቱ ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበር።

«እትዬ፣ እስከ ሰኞ ያጥፉልኝ» አላት። «የተዘጋ ሱቅ ስም ምን ይሠራልናል?»

ልታጠፋው ተቀመጠች። ስሙ ላይ ስትደርስ ግን የድሮው ትዝ አላት። ሥራ በጀመረችበት ቀን ሴትዮዋ የተቀደደ ጫማዋን አይተው አዲስ ጫማ እግሯ ሥር አስቀምጠውላት ነበር። ይህ ስም ከጠፋ ፋብሪካው ውስጥ እሳቸውን የሚያስታውስ ምን ይቀራል? ካባረረኝም ያባርረኝ ብላ፣ ለረዳቱ ማብራሪያ በሚሰጥበት ቦታ ላይ ጻፈች፦

«አንደኛ ሱቅ ከሽያጭ አይደመርም። የፋብሪካው እናት ትምህርት ለሚጀምሩ ልጆች ይሰጡት የነበረ ጫማ ነው፤ ዛሬም በስማቸው ይሰጣል።»

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ያንኑ ጥያቄ ደገመ። ረዳቱ ትክክለኛውን ሱቅ ጠራ።

«አንደኛ ሱቅስ? ጠፋ?»

ረዳቱ የጻፈችውን ቃል በቃል አነበበ። አሁን የሳቀ የለም። ልጁ ስልኩን አንሥቶ ከስብሰባው ወጣ።

ከሰዓት በኋላ የክፍሏ በር ተንኳኳ። የስንብት ደብዳቤዬ መጣ ብላ ነበር። የመጣው ግን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ረዳቱን ስለ እናቴ ሌላም ጠየቅሁት» አላት። «‹ከዚህ በላይ የተነገረኝ የለም› አለኝ።»

ያን ቀን አንድም ጠያቂ ካልተቀመጠበት ወንበር ላይ ወረቀቶቿን አነሣች።

«ና፣ ቁጭ በል ልጄ» አለችው። «ከእናትህ ሳቅ ልጀምርልህ።»