የሚዳብስ እቅፍ

ይሁኔ ክላሹን ሲያቀባብል፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰው ወደ አፉ የላከው ንፍሮ ከነእጁ አየር ላይ ቀረ። ድምፁ ቆቦ ከተማ ሳይሰማ አይቀርም፤ ዋጃ ያሉ ውሾችማ ጮኸዋል።

ወንድሙ አራጌ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከእሾህ አጥሩ ውጭ የገዳዩ አባት፣ አያ ወልደ ሚካኤል፣ በሬ የማይጎትተው ድንጋይ አንገታቸው ላይ ጭነው ከቄሱ ጋር ለይቅርታ ቆመዋል። ልጃቸው አለሙ ወደ አፋር በረሃ ሸሽቷል። ይሁኔ ከአባትየው ጀምሮ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ከምሳ በፊት እንደሚጨርስ ለሐዘንተኛው ሁሉ ነግሯል። የሚመልሰው ቢኖር የሟች ሚስት የትናየት ብቻ ናት። እሷ የባሏን ኮት ደርባ ተቀምጣለች።

አራጌ ሲያነጥስ ሮቢት ላይ አውቶቡስ የሚቆምለት፣ ጅብ በጥፊ ያባረረ ሰው ነበር። ሰው በማመን ግን ሕፃን ነው። ማሽላ በሚያጠጡበት የጎርፍ ውሃ ከእሱ ጋር የተጣላው አለሙ መስቀል ስሞ ታርቄያለሁ ብሎ መጣ። የትናየት በር ላይ አቅፋ ስትስመው ወገቡ ላይ ብረት ነካች። ባሏን ጓዳ ጠርታ ነገረችው።

"መስቀል የሳመ ሰው ይፈተሻል? ክርስቲያን አይደለንም እንዴ?" ብሎ ሳቀባት።

አፈረች፤ ወጡን አወጣች። ተበላ፣ ተጠጣ። አራጌ እንግዳውን ባዶ እጁን ሊሸኝ ወጣ። ማሽላው ዳር ሲደርሱ አለሙ ሦስት ጥይት ጀርባው ላይ ለቀቀበት። ደሙ ቦዩን ሞልቶ ፈሰሰ፤ የዘንድሮ ማሽላ ቀይ ይወጣል ይላሉ።

አሁን ቄሱ የትናየትን ይቅር በይ፣ ይሁኔ ዞር በይ ይሏታል። ተነሳች።

"ይቅር እላለሁ አባ። ጌታ ግን እንደ ርግብ ሁኑ ብሎ ብቻ አልተወንም፤ እንደ እባብም ብሏል። እኛ ግማሹን ነው የሰማን።"

ከአጥሩ ወጥታ ድንጋዩን ከሽማግሌው አንገት አወረደች፤ አቀፈቻቸው። እንዳቀፈችም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ብብታቸውን፣ ጀርባቸውን፣ ወገባቸውን ዳበሰች። ራያ ከተፈጠረ እንዲህ ያለ ውርደት አይቶ አያውቅም። አያ ወልደ ሚካኤል ግን እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉላት።

"ደግ አደረግሽ ልጄ" አሉ። "እኔም ያን ቀን ልጄን ከቤት ሲወጣ ብዳብሰው ኖሮ።"

ከመቀነታቸው በቀር ምንም አልነበረም።

ተከትሏት የወጣው ይሁኔ ክላሹን ደገነ። የትናየት ዞረች፤ አፈሙዙ ደረቷ ላይ አረፈ።

"አራጌን የገደለው የበላበትን ቤት የካደ ሰው ነው" አለችው። "አንተም ከደጃችን እንግዳ ልትገድል ነው?"

አፈሙዙን ከደረቷ አንስቶ ድንጋዩ ላይ ተኮሰ። ድንጋዩ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ፍንጣሪው የራሱን ግንባር ቀዶት ደሙ በአፍንጫው ወረደ። የትናየት እጇን ዘረጋች። ይሁኔ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ የጥይት ካዝናውን ነቅሎ፣ የቀረችውንም ጥይት ከክላሹ ሆድ አውጥቶ ሰጣት።

ሽማግሌውን ወደ ድንኳኑ አስገባችና ካዝናውን የደረበችው የባሏ ኮት ኪስ ከተተችው። ጣቷ አራጌ አኝኮ የተወውን መፋቂያ ነካ። ሰው ሁሉ ሲቀመጥ፣ እሷ መፋቂያውን ጨብጣ እጇን ከኪሱ ሳታወጣ ቆመች።