ባዛሩ ይለፍላት

«ቀስ ብለሽ አልቅሺ እህቴ፣ ናጡሩ ይመጣል» አለቻት ራሄል፣ ትራሱን ወደ አፏ እያስጠጋችላት።

ሜላት ትራሱን ነክሳ አለቀሰች። ዱባይ አጠገብ ባለችው አጅማን ውስጥ፣ የጎረቤት ሳል በግድግዳ በሚሰማበት ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰው እናቱንም ቢሆን የሚያለቅሰው በይሉኝታ ነው። እሑድ ማለዳ መርዶ ሲነገራት የጮኸችውን ጩኸት ሰምቶ ናጡሩ፣ የሕንጻው ጠባቂ ኻሊድ፣ «ሙሽኪላ? ሙሽኪላ?» እያለ፣ ምን ችግር እንደገጠማቸው እየጠየቀ፣ በሩን ሊያፈርሰው ነበር። ነገሩን ሲያስረዱት ራሱን ነቅንቆ ወረደና አንድ ካርቶን ውሃ በትከሻው ተሸክሞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ለቀስተኛው ሊፍቱን ሲያጨናንቀው አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ጩኸቱን ግን እንዳይደግሙት ለምኗቸዋል፤ እሱም የሚቆጣው አለቃ አለበት።

ቤቱ ሜላትና ራሄል ተጋርተው የሚኖሩበት አንድ ክፍል ነው። የስፌት መኪናው ጥግ ላይ በአንሶላ ተሸፍኗል። ፍራሾቹ መሬት ወርደዋል። ከዱባይ ከሥራ መልስ የመጣው፣ ከሻርጃ በአውቶቡስ የመጣው፣ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ ይገባል፤ ትንሽ ያለቅሳል፣ ሻይ ይቀዳለታል፣ ንፍሮ ይዘግናል፣ ከዚያ ስለ ቪዛና ስለ ትራፊኩ ማንሾካሾክ ይጀምራል። ሐዘንተኛዋ ቀና ስትል ሁሉም ዝም ይላል።

እናቷ ወይዘሮ ዝናሽ ደሴ ላይ ሐሙስ ዐርፈው ዓርብ ተቀበሩ። ሜላት ልትሄድ አልቻለችም። ቪዛዋን ከምትሠራበት ሱቅ ወደ ራሷ ንግድ ፈቃድ እያዛወረች ስለነበር አሁን ከወጣች መመለሻ የላትም። ካልተመለሰች ደግሞ ልጇን ማምጣት ቀረ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የለፋችው ለዚያው ነበርና፣ እናቷን ሳትቀብር አጅማን ቁጭ አለች።

እጇ ከስልኩ አይለቅም። ወንድሟ ደረጀ ጋ በየሰዓቱ ትደውላለች።

«እስቲ ኑኑን አቅርብልኝ።»

«እንቢ አለችኝ እኮ ሜሊ።»

«ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርግላት። እኔ አወራታለሁ።»

«ሞከርኩ። ጆሮዋን በእጇ ትይዛለች። ከቅዳሜ ጀምሮ ከማንም ጋር አታወራም፤ ስታበያት ትበላለች፣ ስታስተኚያት ትተኛለች፣ በቃ። አክስቴ ኮምቦልቻ ልውሰዳት እያለች ነው።»

«ማንም አይወስዳትም! የኔ ልጅ ናት!»

ይህን ስትል ድምፅዋ ከፍ አለና ራሄል ወደ በሩ አየች። ሜላት የገዛ አነጋገሯ ራሷን አሳፈራት። የኔ ናት ለማለት ምን አላት? ኑኑን ጡት ባስጣለቻት በወሩ ነው ጥላት የመጣችው። ሻርጃ ማዳም ቤት የሰው ልጆች አሳድጋ፣ ከዚያ ወጥታ የሕፃናት ልብስ ሱቅ ውስጥ የሰው ልጆች ስታለብስ ኖራ፣ የራሷ ልጅ ሰባት ዓመት ሞላት። ኑኑ «እማዬ» የምትለው አያቷን ነው። እናቷን እንደ ሰፈሩ ሰው «ሜሊ» ትላታለች።

ወይዘሮ ዝናሽ ሹሩባ ሠሪ ነበሩ። እጃቸው ፈጣን ነው፣ ምላሳቸው ከእጃቸው ይፈጥናል። ሙሽራ ትሁን የባለሥልጣን ሚስት እሳቸው ጉልበት መሃል ከተቀመጠች ራሷን እንደ በግ ይዘው እያገላበጡ፣ ስለ ባሏም ጨምረው ይመክሯታል። የሚከራከራቸው የለም፤ ጸጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ ተነሥታ የምትሄድ ሴት የት አለች?

ሜላት አሻንጉሊት መሥራት የጀመረችው ለኑኑ ነበር። ከሱቁ የተረፈ ጨርቅ ሰፍታ፣ ጥጥ ሞልታ፣ ዓይንና አፍ ጠልፋ፣ የሐበሻ ቀሚስ አልብሳ በመንገደኛ ላከች። እናቷ ደወሉ።

«ይቺን ልጅ ምነው ላጨሻት? ማን ሞቶባት ነው?»

«ጸጉሩ አስቸግሮኝ ነው እማ፣ አልያዝ አለኝ።»

«የሹሩባ ሠሪ ልጅ ሆነሽ? ወይ ውርደቴ! ቆይ ላሳይሽ።»

ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፈው ኑኑን ጉልበታቸው መሃል አስቀመጡና እየጎነጎኑ ያሳዩ ጀመር። ሜላት በዚህ በኩል ከናይፍ ገበያ የገዛችውን ጥቁር የሱፍ ክር ይዛ ትከተላቸዋለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ጋሜ፣ አንድ ቅዳሜ አልባሶ፣ አንዳንዴም ስም የሌለው፣ ወይዘሮ ዝናሽ እዚያው የፈጠሩት። ኑኑ «አመመኝ እማዬ!» ስትል «ዝም በይ፣ ሜሊ እየተማረች ነው» ይሏታል። ልጅቷም ጥርሷን ነክሳ ለእናቷ ራሷን ታውሳት ነበር። አንዳንዴ ካሜራውን ቀና ብላ አይታ «ሜሊ ቶሎ በይ፣ አንገቴ ደከመኝ» ትላለች። ሜላት ያን ጊዜ እጇን ዘርግታ ያን አንገት ማሸት ያምራታል፤ ግን ክሩን ትጎነጉናለች።

አሻንጉሊቱን ንግድ ያደረጉት ጓደኞቿ ናቸው። ራሄል ከሆቴል ሥራዋ ስትመለስ ጨርቅ ትቆርጥላታለች። በሻርጃና በአጅማን የሐበሻ ማኅበር የሚያስተባብሩት፣ በአንድ አየር መንገድ የዕቃ ክፍል የሚሠሩት አቶ ንጉሤ ፈቃዱን በሰው በሰው አስጨርሰውላታል። ሥራው ያምራል። ገበያው ግን የለም። ባለፈው ባዛር ሰዉ አሻንጉሊቶቹን አንሥቶ «ውይ ሲያምሩ!» ብሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ መልሶ አስቀምጦ ሄዷል።

ስለዚህ ያሁኑ ቅዳሜ፣ አል ማምዛር አጠገብ በተከራዩት አዳራሽ የእንቁጣጣሽ ባዛር ሲደረግ፣ ጠረጴዛዋ ገና ሳይመሽ ባዶ መቅረቱ ለሜላት ተአምር ነበር። አንዱ ሲከፍል ሌላው ይጠብቃል። ጥያቄ የለም፣ ክርክር የለም። «በቃ ዕድሌ ተከፈተ» ብላ ነበር ለራሄል።

የዚያን ቀኑን ገበያ ምስጢር የነገራት ሮባ ነው። ሮባ ሻርጃ የቀዝቃዛ ዕቃ መኪና የሚነዳ፣ ልቡ ደግ፣ አፉ ግን መዝጊያ የሌለው ሰው ነው። ሊያጽናናት ብሎ ጎኗ ቁጭ አለና፣

«ሜላትዬ፣ አይዞሽ። አሻንጉሊቶችሽን እኮ መኪናዬ ውስጥ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ሦስቱንም። ሳያቸው እናትሽን አስባለሁ» አላት።

ሜላት ዓይኗን ጠረገች። «ሦስት ገዝተሃል? ልጅ አለህ እንዴ?»

«ኧረ የት አግብቼ! አቶ ንጉሤ ሁላችንም ሄደን እንግዛላት ሲሉን ጊዜ…»

ሮባ የተናገረውን ያወቀው የሰዉን ፊት አይቶ ነው። የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ጫማውን ፍለጋ ወጣ።

ሜላት ዞራ ራሄልን አየቻት። «አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር?»

ራሄል ማልቀስ ጀመረች። «ሐሙስ ማታ ደረጀ ደወለልኝ። እኔ ለአቶ ንጉሤ ነገርኩ። ‹ይህን ሁሉ ለፍታ መቅረቷ ነው፣ ባዛሩ ይለፍላትና እሑድ እንነግራታለን› አሉ። ለሁሉም ተደወለ። ምን እናድርግ ሜላት? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ሜላትም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር። ካቻምና ለአንዷ ጓደኛቸው አድርጋዋለች፤ የአባቷን መርዶ እስክትወልድ ደብቀው በወጉ አርድተዋታል። ሰው ሁሉ «ጎበዞች» ብሏቸዋል።

ግን የቅዳሜዋ ስልክ ትዝ አለቻት። ጠረጴዛው ባዶ እንደሆነ እየዘለለች ቤት ደውላ ነበር። ደረጀ ኔትወርኩ ደካማ ነው ብሎ ምስሉን አጥፍቶታል። እሷ ስልኩን አዳራሹ እንዲሰማ ከፍ አደረገችው።

«ኑኑዬ! ኸላስ፣ ሁሉም አለቀ! ልትመጪልኝ ነው! እማዬስ?»

«ተኝታለች።»

«ቀስቅሻታ!»

ሜላት መልስ አልጠበቀችም።

«በይ እሺ ተያት፣ ስትነሣ ትነግሪያታለሽ። እስቲ እልል በይልኝ! እልል በይልኝ የኔ ማር!»

ትንሽ ቆይቶ ከዚያ ማዶ ቀጭን እልልታ መጣ። ሜላት ተቀብላ አስተጋባችው። አዳራሹ ውስጥ ግን አንድም ሰው አብሯት እልል አላለም። ሰዉ ፊቱን አዞረ፤ ራሄል ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠች። እሷ ያኔ የደስታ ዕንባ መስሏት ነበር።

ስልኳን አንሥታ ደወለች።

«ደረጀ፣ ቅዳሜ ኑኑ እልል ስትል የት ነበራችሁ?»

«ጓሮ። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ነበር። ‹ሜሊ እንዳታውቅ› ብዬ አስምዬያት ነው ስልኩን የሰጠኋት። እልል በይ ስትያት ዓይን ዓይኔን አየችኝ። በይ ብዬ በእጄ ጠቆምኳት። እልልታው ድንኳኑ ድረስ ተሰማ። አክስቴ ወጥታ፣ ሳትጠይቅ፣ በጥፊ አለቻት። እኔ ባስረዳም ምን ዋጋ አለው? ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው ዝም ያለችው።»

አመሻሹ ላይ አቶ ንጉሤ መጡ። ሮባ ነግሯቸው ኖሮ በሩ ላይ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆሙ። ሜላት ልትጮህባቸው ቀኑን ሙሉ ስታስብ ነበር።

«ጋሼ፣ እናቴ ተቀብራ ባደረች በማግስቱ ልጄን እልል አስባልኳት። ያውቃሉ?»

«አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ ልጄ። ሰምቻለሁ።» ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እኔ የአባቴን ሞት የሰማሁት በፊት ታክሲ ስነዳ ነው፤ አንድ ጅል ደውሎ ጎዳናው መሃል ነገረኝ። መኪናውን የት እንዳቆምኩት አላስታውስም። እንግዳዋ ተሳፋሪ ናት ይዛኝ ያለቀሰችው፣ አገሯን እንኳ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት አገር ሰው እንዲህ መርዶ አይሰማም አልኩ። ለልጅቷ አላሰብኩም። ልጅ መኖሯን እያወቅሁ አላሰብኩም።»

ሽማግሌው አቀርቅረው እንደ ልጅ አለቀሱ። ሜላት የምትጣላው ሰው አጣች። ደረጀን ትጣላ? እሱ እናቱን ቀብሯል። አክስቷን? እህቷን ቀብራለች። እነዚህን ደግሞ፣ ደመወዛቸውን ለአሻንጉሊት ሰጥተው ከሥራ በቀጥታ መጥተው ፍራሽዋ ላይ የሚያለቅሱትን? ሁሉም ወዷት ነው ያደረገው። ተነሥታ ለአቶ ንጉሤ ሻይ ቀዳችላቸው። ሌላ የምታደርገው ነገር አልነበራትም።

ስልኩ ጠራ። ደረጀ ነው፣ በምስል። «ካንቺ ጋር እንደማወራ አይታ ቀረብ ብላለች። እስቲ ሞክሪ» ብሎ በሹክሹክታ ስልኩን አሳለፈ።

ኑኑ መጣች። ሹሩባዋ ለሐዘኑ ተፈትቶ ጸጉሯ ቆሟል። ዓይኗ ካሜራው ላይ አይደለም።

«ኑኑዬ፣ እኔ አላወቅሁም ነበር። አልነገሩኝም። ባውቅ ኖሮ…»

ልጅቷ፣ ድምፅዋ ከአለመናገር ብዛት ሻክሮ፣

«እልል በይ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች ሜላት። «እኔ ነኝ የኔ እናት።»

ልጅቷ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ምስሉ ላይ የደሴው ቤት ኮርኒስ ብቻ ቀረ፤ ዝናብ ያረጠበው ጥጉ ይታያል። ሜላት ስሟን ጠራች፤ መልስ የለም። ግን ልጅቷ አልሄደችም፤ ትንፋሿ ከአጠገብ ይሰማል።

«ልዝጋው እንዴ?» አለ ደረጀ ከሩቅ።

«ተወው።»

ራሄል አንገቷን አስግጋ ከቡር ዱባይ ሰዎች መምጣታቸውን ነገረቻት፤ በር ላይ ጫማ እያወለቁ ነው። ሜላት እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻት። ከዚያ ፍራሹ ላይ ፈቀቅ ብላ በጎኗ ለአንድ ትንሽ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀችና ስልኩን በጀርባው አጋደመችው፤ የነጠላዋንም ጫፍ ስባ፣ የኮርኒሱን ምስል ሁሉ እንዳይሸፍን ተጠንቅቃ፣ ከሥሩ እስከ ግማሹ አለበሰችው።