የዳማ ጠያቂዎች

የኔነሽ ባሏን ጥላ ለመሄድ የቆረጠችው ከወባ በተነሣች ሰሞን ነበር። ያልሄደችው ደግሞ ፈረሱ እግሩን ስለ ሰበረ ነው። ነገሩ ለሰሚ ግራ ነው፤ ለራሷም ግራ ነበር።

ወባው ይዟት ስትንቀጠቀጥ ጋሪ ነጂው ባሏ ሣህሉ በር ላይ ቆሞ አያት፣ አያትና የፈረሱ የዳማ ገብስ የት እንደሆነ ጠየቃት። ይኸው ነው። ገብሱን አገኘ፣ ፈረሱን ጠመደ፣ ሄደ። ይህስ ባልከፋ፤ ሰውዬው ዝምተኛ ነው፤ ዝም አይነቅዝም የሚሉት ተረት ለሱ የተተረተ ይመስላል። የከፋው ለማንም አለመናገሩ ነው። ድሬ ዳዋ ውስጥ ሰው ታሞ ጠያቂ የሚያጣው አገር ሳይሰማ ሲቀር ብቻ ነው። ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ሀዎ እንኳ የሰማችው የኔነሽ ድና ልብስ ልታጥብ ስትወጣ ነበርና በኀፍረት ፊቷን ሸፈነች። የኔነሽ ግን ሀዎን አልተቀየመችም። ብትሞትም ሣህሉ ለእድሩ የሚናገረው ገብሱ ካለቀ በኋላ እንደሆነ ገባት። ልብሷን በነጠላ ቋጠረችና ወንድሟ ወዳለበት አፍደም የሚወስዳትን ባቡር ቀን መጠባበቅ ያዘች።

ቀኑ ሳይደርስ ሣህሉ ጀግንነቱን አሳየ። አንድ አዲስ ታክሲ ጡሩንባ ነፋበትና የደቻቱን ወንዝ በድልድዩ ሲሻገር፣ እሱ በደረቁ አሸዋ ቆርጦ ሊቀድመው ተነሣ። አሸዋው ላይ ሴቶች ውኃ ለመቅዳት የቆፈሩት ጉድጓድ እንዳለ የድሬ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ሣህሉ ከዚያ የተቀዳ ውኃ ሲጠጣ ነው የኖረው፤ ግን ሲቀዳ አይቶ አያውቅም። የዳማ የፊት ግራ እግር ገባበት። አጥንቱ ሲሰበር ድልድዩ ላይ ተሰማ ይላሉ። ታክሲው አልቆመም።

የመንግሥት የከብት ሐኪም መጥቶ አየና በጥይት ቢገላገል ይሻላል አለ። ፈረስ በሦስት እግሩ ቆሞ አይከርምም፤ ተኝቶም አይድንም ብሎ አስረዳ፤ እውነቱን ነበር። ወጌሻው አብዲራህማን በበኩሉ ክብደቱን ከእግሩ ላይ የሚያነሣ ከተገኘ እጠግነዋለሁ አለ፤ እሱም እውነቱን ነበር። የሚያነሣ አልጠፋም፤ አገሩ የባቡር አገር ነው። በባቡር ጋራዥ የሚሠራው ተሰማ የዕቃ መሸፈኛ ሸራና ሞተር የሚያነሡበትን ሰንሰለት ይዞ መጣ። ሸራው በፈረሱ ሆድ ሥር ያልፋል፤ ሰንሰለቱ ከላይ ይይዘዋል፤ እግሩ መሬት ይነካል እንጂ አይሸከምም። የቀረው ማንጠልጠያ ብቻ ነበር። በሰፈሩ ደግሞ ፈረስ የሚችል አግዳሚ ያለው ከአሮጌ ሐዲድ ብረት የተሠራው የሣህሉ ሳሎን ጣሪያ ነው።

ዳማን በራሱ ጋሪ ጭነው፣ ጋሪ ነጂዎቹ እየጎተቱ አመጡት። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፈረ። አልጋው ወደ ደጅ ወጣ፣ ዳማ ወደ ሳሎን ገባ፣ ከጃንሆይ ሥዕል ፊት ለፊት ተንጠለጠለ። አብዲራህማን እግሩን በእንቁላልና በጨርቅ ጠቅልሎ በቀርከሃ አሰረ። በሙቀት ወራት ድሬ ዳዋ ሁሉ ደጅ ስለሚተኛ የባልና ሚስቱን መሰደድ ማንም እንደ ጉድ አልቆጠረውም።

የኔነሽ ጓዟን ልታነሣ አለችና ቆመች። በሽተኛ ያለበትን ቤት ጥሎ መሄድ ነውር ነው፤ እናቷ ያሳደገቻት በዚህ ነው። በሽተኛው ፈረስ ሲሆን እንዴት እንደሚደረግ ግን እናቷ አልነገረቻትም። አውጥታ አውርዳ፣ ይዳን ወይም ይሙት፣ ያን ጊዜ እሄዳለሁ አለች።

ያ ዝምተኛ ሰውዬ ምላስ አወጣ። ከመጋላ እስከ ከዚራ የዳማን ስብራት ያልነገረው የለም። ጠያቂው ጎረፈ። ጋሪ ነጂዎች ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በተርታ ይቀመጡና "እግዜር ይማረው" ይላሉ። ነጋዴው ፋራህ ቴምር ይዞ መጣ። የተሰማ ሚስት ማዘንጊያ፣ ስብራት ይገጥማል ብላ፣ የአጥንት ሾርባ አመጣች፤ ዳማ አሸተተውና ፊቱን አዞረ፣ ሾርባውን ተሰማ ጠጣው። ሻይ የምታፈላው የኔነሽ ናት። እንዴት አደረ ሲሏት፣ ቆሞ አደረ ትላቸዋለች።

አመሻሽ ላይ ሣህሉ የፈረሱን አንገት እያሻሸ "አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይዞህ ወንድሜ" ሲል ሰማችው። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይህን ድምፁን ሰምታው አታውቅም። ድምፅ እንደሌለው አምና ተቀብላው ነበር፤ ለካ ነበረው። በፈረስ ቀናች። በፈረስ በመቅናቷ ደግሞ አፈረች፤ ጓሮ ሄዳ አለቀሰች።

ሀዎ አገኘቻት። "አቦ የኔነሽ፣ ባልሽ ለፈረስ ሲሆን አፉ ማር ነው ወላሂ" አለቻት፣ ልታጽናናት።

ፈረሱ ካልሠራ ገብስ የለምና ሣህሉ ጣቢያ ወርዶ ሸክም ያዘ። ማስታመሙ በየኔነሽ ላይ ወደቀ። ሸራው የላጠውን ቆዳ ቅቤ ትቀባዋለች፣ ዝንቡን ታባርራለች፣ ሣሩን በእጇ ታጎርሰዋለች። መጀመሪያ ቶሎ ድኖ እንዲያሰናብታት ብላ ነበር። እያደር ግን ታወራው ጀመር። የወባውን ነገር፣ በር ላይ ቆሞ ገብስ የጠየቃትን፣ ሁሉን ነገረችው። ዳማ ጆሮውን ወደሷ አዙሮ ይሰማታል። የትም መሄድ አይችልም፤ ቢሆንም መሰማት መሰማት ነው።

ደቻቱ ሞልቶ ከጎደለ በኋላ አብዲራህማን ቀርከሃውን ፈትቶ አጥንቱን ዳሰሰና ይውረድ አለ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ተሰማ ሰንሰለቱን ለቀቀ፣ ሸራው ረገበ፣ ዳማ በአራት እግሩ ቆመ። ሣህሉ በሩ ላይ ሆኖ፣ እፍኝ ገብስ ዘርግቶ "ና የኔ ጌታ" አለው። ዳማ ገብሱን አየ፤ ከዚያ ዞረና እያነከሰ ሻይ የምትቀዳው የኔነሽ ዘንድ ሄዶ አፍንጫውን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሣህሉ ግን ገብሱን እንደዘረጋ ቀረ።

በሽተኛው ዳነ፤ ነውሩም አበቃ። በማግስቱ ጧት የኔነሽ ጓዟን አንሥታ ወጣች። ድልድዩ አጋማሽ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ የተዛባ ኮቴ ሰማች። ዳማ ነበር፣ ያለ ልጓም። ከዳማ ኋላ ሣህሉ፣ ያለ ጫማ።

ሣህሉ ደረሰባትና፣ "ባቡሩ ቅዳሜም አለ" አላት። ለሣህሉ ይህ ቅኔ መዝረፍ ነው።

ልትራመድ ስትል "ምን በደልኩሽ?" አለ።

"ወባ ሲጥለኝ ለማን ተናገርክ?"

ፈረሱን አየው፤ ከፈረሱም እርዳታ አላገኘም። "አንቺማ ትድኛለሽ ብዬ ነው" አለ።

"እሱስ?"

"እሱን ፈራሁለት።"

የኔነሽ ልትስቅም ልትጮህም ቃጣት። ግን የዳማ እግር መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። አብዲራህማን ብዙ እንዳይራመድ ብሎ አስጠንቅቋል። ለፈረሱ ስትል ብቻ እንደሆነ በግልጽ አስታውቃ ተመለሰች።

ሣህሉ ሳይታዘዝ ሳሎኑን ጠርጎ አልጋውን አስገባ። የኔነሽ አልጋው ላይ ወጥታ ተጋደመችና "አሞኛል" አለች። ግንባሯን ዳሰሰ፤ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ ሳይነገረው ገባው። ወጣ።

በግድግዳው በኩል ድምፁን ሰማችው። "ሀዎ፣ የኔነሽ ታማለች። ጠይቋት።" ከዚያ በነተሰማ በር ላይ፣ ከዚያም ራቅ ብሎ፣ ያንኑ ቃል። የጤነኛ ፊት ለጠያቂ ስለማይሆን ነጠላዋን ተከናነበች። ጋሪ ነጂዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው በለመዱት ተርታ ተቀመጡ። ማዘንጊያ ሾርባዋን ይዛ ከተፍ አለች፤ ተሰማ እጁን ሰብሰብ እንዲያደርግም ተነገረው። ዳማ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ያያል።

ሀዎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የየኔነሽን እግር እያሻሸች፣ ሻይ ሊቀዳ የሚደናበረውን ሣህሉን ጠየቀችው። "አቦ፣ ትናንት ደህና አልነበረች? ከመቼ ጀምሮ ነው ያማት?"

"ከወባው ጊዜ ጀምሮ" አላት።

የኔነሽ በነጠላዋ ውስጥ ሆና እህ አለች፤ ጠያቂዎቹም አንድ ላይ እግዜር ይማርሽ አሏት።