የሾፌሮቹ ምሳ

ሸዋ ሮቢት ላይ አንድን ሆቴል የሚያኖረው የደሴ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እሱ በቆመበት ስድሳው መንገደኛ ለምሳ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሾፌርና ረዳቱ በነጻ ይበላሉ። እኔ በእትዬ አሰለፈች ሆቴል ዘጠኝ ዓመት ሳስተናግድ የሁሉንም አመል አውቄያለሁ። ዓለሙ ጥብሱ ከደረቀበት ያኮርፋል። ያሕያ የእስላም ሥጋ ካልሆነ አይነካም፤ ምሳውን ከማዶ ከሐጂራ ቤት አስመጣለታለሁ። ባለቤቴ ማርታም እዚያው ወጥ ሠሪ ነበረች።

በ1996 ዓ.ም. ጋሼ ሚልኪያስ የሚባሉ የአዲስ አበባ ሰው ከተማው መውጫ ላይ ፎቅ ሆቴል ከፈቱና በእጥፍ ደመወዝ ጠሩኝ።

"ሾፌሮቹን ይዘህልኝ ትመጣለህ?"

"ምን ችግር አለው!" አልኩ፣ እኔ ጅሉ።

ማርታ ነገሩ ወዲያው ገባት። "አየለ፣ እነሱ ከሄዱ እኔ ለማን ነው የምሠራው?"

አንቺንም አስቀጥርሻለሁ፣ ከዚህ ከቆርቆሮ ክፍል ወጥተን ኮርኒስ ያለው ቤት እንከራያለን ብዬ አፏን አስያዝኳት።

ሾፌሮቹ ተከተሉኝ። በሁለት ወር ውስጥ እትዬ አሰለፈች ድስት መጣድ አቆሙ፤ ማርታም ተሰናበተች። እትዬ አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ማርታ ስለምናቸው ጋሼ ሚልኪያስ ወጥ ሠሪ ከአዲስ አበባ አስመጥቻለሁ አሉኝ። ሦስት አስተናጋጆችም አብረው መጡ። እኔ የምሸከመውን ትሪ ይሸከማሉ፤ ደመወዛቸው ግን የእኔ እጥፍ ነው፤ መኝታቸውም ቬንትሌተር አለው። ደሜ ፈላና ገብቼ ጠየቅኩ።

"ለእነሱ የበረሃ አበል ነው የጨመርኩላቸው" አሉኝ ረጋ ብለው። "አንተ የአገሩ ሰው ነህ፤ ሙቀቱን ለምደኸዋል።"

ለምደኸዋል! ቆርቆሮ ሥር በላብ ተጠምቄ የማድረው እኔ ነኝ።

ቀጥሎ የሾፌሮቹን አመል ለአዲሶቹ እንዳሳይ ታዘዝኩ። እምቢ ብል የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልልኛል? የሐጂራን ቤት ሳይቀር አሳየኋቸው። ወር ሳይሞላ ጋሼ ሚልኪያስ "ሰው በዝቶብናል" ብለው አሰናበቱኝ።

ቤት ስደርስ ማርታ እግሯን ትታጠብ ነበር። ሥራዋን ካጣች ወዲህ የምትውለው ሽንኩርት ማሳ ላይ ነው፤ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል። ነገርኳት። የጠበቅኩት ስድብ ነበር።

"ነገ አብረን እንሂድ" አለች። "ሰው ይፈልጋሉ። ለወንድ ሁለት ብር ይጨምራሉ።"

"የወንዱ ሥራ ይለያል?"

"ኧረ፣ ያው ሽንኩርት መንቀል ነው።"

በማግስቱ ጎን ለጎን አጎንብሰን ስንነቅል ዋልን። ገና ረፋድ ላይ ወገቤ ያዘኝ። የራሷን መስመር ጨርሳ የእኔን የነቀለችልኝ እሷ ናት። ሥራ ሲያልቅ አለቃው ለእኔ አሥር ብር፣ ለእሷ ስምንት ብር ሰጠን።

እኔም አሥር ብሬን ኪሴ ከተትኩ።